ሁለት ጣት ጎደል

እሑድ ማታ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቃል፣
ቫልዲቪያ ሰኔ ከገባ ሰማዩ መቼ ያባራል?
እናቴ ኤደልሚራ እጅጌዋን ሰብስባ
ሰባት ጠርሙስ ደርድራለች፣ በፈላ ውኃ አጥባ።
ሙዙ ጠቃጠቆ ያወጣ፣ ባለሱቁ በግማሽ ዋጋ የጣለው፣
እንጆሪው ጥር ላይ፣ በበጋችን፣ ከሐዲዱ ዳር የለቀምነው፣
አንድ እፍኝ አጃ፣ ሁለት ጭልፋ እርጎ፤
ቆስጣውን እንጆሪው ይዞታል በቀይ ካባው ሸሽጎ።
መፍጫው ይጮኻል። ድመቷ አልጋ ሥር ትገባለች።
እናቴ ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ጫፍ ትቀምሳለች፣
«ማር ጎደለው» ትላለች።
ማር እንደሌለን ታውቃለች።

ለምን ይህ ሁሉ ድካም? እናቴ አውቶቡስ ነጂ ናት፣
ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጋራዥ ነው የሚነጋላት።
እኔ ስነሳ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ጠርሙስ፣
ማታ ከበረዶው ወጥታ ያደረች፣ ላቧ ቀስ እያለ የሚፈስ።
በነጭ ፕላስተር «ማክሰኞ» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በስክሪብቶ
«ነቅንቀህ ጠጣ። ጃኬትህን አትርሳ።» ፊደሏ ቸኩሎ፣ ተጎትቶ።
እንዲህ ነበር የምንነጋገረው፣ እኔና እሷ፣ በፕላስተር።
እኔም ባዶው ላይ እመልሳለሁ፦ «ሒሳብ ፈተና አለ።»
«የቤት ኪራይ ሰውዬው መጥቶ ነበር።»

መጀመሪያ ሰሞን ግን ጠርሙሱን እስከ አፉ ጢም አድርጋ፣
«ልጄ ይጥገብ» ብላ ዘጋችው። ፍሪዘሩን ብትከፍት ሲነጋ፣
ሁለቱ ከወገባቸው ተሰንጥቀው፣ ቀዩ በረዶ እንደ አለት ቆሞ፣
የመስተዋቱን ስባሪ እንደ ቅርፊት ተሸክሞ።
አልተቆጣችም። ለቀመችው። አንዷ ስንጥር ጣቷን ወጋቻት።
ዓሣ ገበያ በረዶ ይሸጥ የነበረው ኒባልዶ ከአጥር ማዶ አያት።
«ሲቀዘቅዝ ያብጣል» አለ፤ «ውኃ እልኸኛ ነው፣ ታውቂያለሽ።
ቦታ ከነፈግሽው ይሰብራል። ሁለት ጣት ጎደል ታደርጊያለሽ።»
ከዚያ ወዲህ ሁለት ጣቷን አጋድማ ትለካለች።
ስለ አባቴ ስጠይቃትም እንዲሁ፣
ሁለት ጣት አስቀርታ ነው የምትነግረኝ፤
ከዚያ ክዳኑን ትዘጋለች።

ነሐሴ ላይ ነፋሱ መጣ። ሰኞ ማታ መብራት ጠፋ።
ረቡዕ ጧት ከፍሪዘሩ ሥር ውኃው ወለሉ ላይ ሰፋ።
የወደቀ ዛፍ መንገዱን ዘግቶ አውቶቡሶቹ ቆመዋል፤
እናቴን ሲነጋ ቤት አገኘኋት። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣
አምስት ጠርሙስ ፊቷ ቆመዋል።
«ሳምንቱ ቀለጠ» አለች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም።
ደግማ ብታቀዘቅዘው አይበጅም፤ መድፋቱ ደግሞ አይሆንላትም።
በሩን ከፈተችና ተጣራች፣ ፌርማታ እንደምታሳውቅ፣ በነጂ ድምፅ፦
«ሐሙስ! ዓርብ! ቅዳሜ! ጠጪ ያለህ ውረድ!»

ኒባልዶ ሐሙስን ጠጣ፣ ነጭ ጢሙ ቀልቶ።
ነርሷ ያስና ዓርብን ለመንትዮቿ አካፈለች፣ ጠብታው ሳይቀር ተለክቶ።
የቤት ኪራይ ሰውዬው፣ ዶን ባውዲሊዮ፣ ለዕዳው መጥቶ
ቅዳሜን ያዘ፤ ጨለጠው፤ ወጣ፣ የመጣበትን ረስቶ።
እሑድ ለእኔ ደረሰ። እናቴ ረቡዕን አነሳች።
እስከዚያ ጧት ከጣት ጫፍ በላይ ቀምሳ አታውቅም፤
ዛሬ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣
እስከ ሥሩ ጨረሰች።
«ማር ጎደለው» አለ ኒባልዶ፣ አፉን በእጁ ሲጠርግ፣ ሲናገር።
እናቴ ሳቀች፣
ሁለቱን ጣት ሳታስቀር።

ማታ መብራት መጣ። ፍሪዘሩ ባዶ ሆዱን ያጉረመርም ጀመር።
ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ተደፍተዋል፣
አንዱ ጥግ ላይ የእኔ ጽሑፍ ነበር።
ሐሙስ ስነሳ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ጠረጴዛው ላይ ጠርሙስ የለም።
ፕላስተሩ ግን እንጨቱ ላይ በእርጥብ ጣት ተለጥፏል፣ ቀለሙ ሳሳ ሳሳ፦
«ዳቦ አለ። ጃኬትህን አትርሳ።»