ሦስት ፊደል

አፉላ፣ ሆስፒታል፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ታቦር እንደ ጥቁር እንስራ ተደፍቶ ከመስኮቱ የሚታይ።
አምባር የምታህል ወረቀት እጅሽ ላይ ታስራ
‘የኦሽራት ልጅ’ ትላለች፤ ሌላ ስም አትጠራ።
ጸሐፊዋ ትናንት ማስቲካዋን እያኘከች
‘እስከ ነገ ቀትር’ ብላ፣ ቅጹን ጥላ ሄደች።

ነገ ቀትር!
በእኛ አገር ሴት ልጅ ሰማንያ ቀን አላት፣
ከእናቷ ጋር በጎጆ፣ ስም ሳይደርስባት፣
ማንም ሳይጠራት፣ ማንም ሳይልካት።

እኔ ‘ኖጋ’ አልኩ።
አጭር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ምላስ አያደናቅፍም፣
መምህርቷ መዝገቡ ላይ ስትደርስ በረጅሙ አትተነፍስም።
ያቺን ትንፋሽ አውቃታለሁ፤
‘ዘውዱ’ ከመባሌ በፊት ሁልጊዜ እሰማታለሁ።
ዛሬም ደረቴ ላይ ተለጥፏል፣ አውቶቡስ ስነዳ፣
‘ዝቩዱ’ ይለኛል ተሳፋሪው፣ እንደ ሩቅ እንግዳ።

እናትሽ ‘ማንጠግቦሽ’ አለች።
እዚህ የተወለደች፣ አማርኛዋ የተሰበረ፣
‘ጨ’ ከምላሷ ጫፍ ላይ ወድቆ የቀረ፣
እሷ ናት የድሮውን ስም የያዘችው፣ ሙጭጭ ብላ፤
እኔ፣ የአለፋው ልጅ፣ እሸሸዋለሁ እንደ ጥላ።

‘በዕብራይስጥ ጻፊውና እይው፤ የሽሮፕ ስም ይመስላል፣
በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ፣ በማንኪያ ይወሰዳል’ አልኳት።
አልሳቀችም።
የተሰፋችው ቢያማት ነው ብዬ ተጽናናሁ።
‘ማን ይጠግብሻል፤ ጥያቄ እኮ ነው’ አለች፣ ‘ስም ብቻ አይደለም፣
ዕድሜዋን ሙሉ ይጠየቅላታል፤ መልስ ግን የለም።’

እኔ ግን የስሙ ባለቤት ታየችኝ፣ አክስቴ፤
ከአውሮፕላን ስትወርድ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የነበረው ሰው
‘ማዛል’ ብሎ ጻፋት፤ ዕድል ማለት ነው።
ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ያ መልአክ ቸኩሎ፣
ሸሚዙ በላብ ርሶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ።
ዛሬም ክሊኒክ ስትሄድ ‘ማዛል!’ ብለው ይጣራሉ፣
እሷ ወደ በሩ ታያለች፣ ማን ትሆን እያለች፤ ሌሎች ያልፋሉ።
ዕድል ተብላ ተጠርታ፣ ተራዋ አመለጣት፣
ጉልበቷን ይዛ ትመለሳለች፣ እንዳመማት።

ጠዋት መጣች፤ ከሐዴራ፣ በሁለት አውቶቡስ፣
የሱፍ ፍሬ በፌስታል፣ ነጠላዋ እስከ አገጯ ድረስ።
ሁለቱንም ነገርናት። እሷ ትፍረድ አልን፤
እያንዳንዳችን ለየራሳችን እንደምትፈርድ አምነን።
‘ኖጋ’ ስላት፣ ጆሮዋን አዘንብላ፣ ‘ነጋ?
የወንድ ስም አይደለም እንዴ? ደግሞስ ለማን ነጋ?’
‘ብርሃን ማለት ነው፤ የማለዳዋም ኮከብ’ አልኳት።
‘ታዲያ ነጋ ነዋ!’ አለች፣ ምን እንዳስረዘመኝ ገርሟት።

የራሷን ስም ስትሰማ ግን ፊቷ ተለወጠ።
‘አይሆንም። የኔን ለኔ ተዉልኝ’ አለች፣
‘ሠላሳ ዓመት በወረቀት ወስደውት፣
የልጅ ልጆቼ ጠይቀውኝ ነው፣ አሁን በቅርቡ ያገኘሁት፤
ገና አልጠገብኩትም።’

እናትሽ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ መስፊያዋን ያዘች።

ሦስት ፊደል ጻፍኩ። ኑን፣ ጊመል፣ ሄ።
ዕብራይስጥ አናባቢ አይጽፍም፤ ለአንባቢው ይተወዋል፣
አፍ ያለው ሁሉ የራሱን ያስገባል።
እኔ ሳነበው ኖጋ፣ እናትሽ ስታነበው ነጋ፤
ጸሐፊዋ ማኅተም መታች፣ አለፈች ወደሚቀጥለው አልጋ።

አክስቴ ግን እስከ ዛሬ ‘አንቺዬ’ ብቻ ነው የምትልሽ።
‘ስሟን ጥሪያት እንጂ’ ስላት፣ የሱፉን ገለባ በአንድ መዳፏ ይዛ
በሌላው ጣቷን ታጥፋለች፤ ‘ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት...
ምን አስቸኮለህ?
ልጅቷ ገና አልተጠራችም።’