ሙት ውኃ

ቅጹ ሁለት መስመር ብቻ አለው፦ አንደኛና ሁለተኛ ምርጫ፤
ዛሬ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ የነገሩ ሁሉ መቋጫ።
በርገን ብዬ እጽፍና፣ ከላዩ ላይ ትሮምሶ፤
ጣቴ የጻፈውን ያጠፋል፣ ደግሞ ይጽፋል መልሶ።

ቫርዶ ዛፍ የላትም፤ ነፋሷ ሥር አያስይዝም፤
እዚህ የበቀለ ሁሉ፣ ከሰው በቀር፣ ከጉልበት አይረዝምም።
እናቴ ከዓሣ ፋብሪካ፣ ሽታውን ለብሳ ገብታ፣
"ትሮምሶ በመርከብ ቀን ተኩል ነው" አለች፣ ወንበር ጎትታ፤
"በርገን ግን ሰዉ ጃንጥላ ይዞ ነው የሚወለደው፤
ልብስ አጥበሽ ብትሰቅዪ፣ የምረቃሽ ዕለት ነው የሚደርቀው።"

ሲኖቬ ትሮምሶ ሆና፣ ግማሽ መደርደሪያ ለቃልኛለች፤
"ሻይ ማፍያዬ ለሁለት ይበቃል፤ ነይ" ብላ ጽፋልኛለች።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ሠንጠረዥ በሁለት ቀለም አሰመረ፤
ደረጃውን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የቤት ኪራዩን ደመረ፤
እኩል መጣበት።
መነጽሩን ጠርጎ፣ እንደገና ጀመረ።

ትሮምሶን በየካቲት ሄጄ አይቼዋለሁ፤
ሰማዩን የሚያደምጥ አንቴና ሥር ቆሜያለሁ።
አረንጓዴው ብርሃን ሲወዛወዝ፣ ከሩቅ የመጡት ልጆች ጮኹ በደስታ፤
እኔ ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ፣ ሰላም የምለው ነው ማታ ማታ።
እወደዋለሁ ግን። ጥዬው ብሄድ ቅር ይለኛል፤
እንደ ጎረቤት ነው፤ ሳልሰናበተው ብቀር ይታዘበኛል።

በርገንን በመጋቢት። ሲዘንብ ገባሁ፣ ሲዘንብ ወጣሁ፤
ካልሲዬን ሽንት ቤት ውስጥ፣ በእጅ ማድረቂያ አደረቅሁ።
ምድር ቤት ወረድን። አንድ ረጅም የመስታወት ገንዳ፤
አጠገቡ አንዲት ተመራማሪ፣ ለገዛ ድምፅዋ እንኳ እንግዳ፣
ቀለም የነካውን ጨዋማ ውኃ ከሥር አስተኛች፤
በላዩ ጨው አልባውን፣ በስፖንጅ፣ ጠብታ በጠብታ ደረበች፤
መጫወቻ ጀልባ በክር ሳበች።
ጀልባዋ ሄደች፣ ሄደች፤ ከዚያ የሆነ ነገር ያዛት።
ማንም አልነካት።
ላዩ እንደ ጠረጴዛ ዝም ብሏል፤ በሁለቱ ውኃ መካከል
ሰማያዊ ማዕበል አየሁ፣ ጀልባዋን ከኋላ ሲከተል፣
ጉልበቷን እየበላ።
"ሙት ውኃ ይሉታል" አለች። ከዚያ ወዲያ ያለችውን አላውቅም፤
ጆሮዬ ቫርዶ ሄዶ ነበር፤ ቶሎም አልተመለሰም።

የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት፣ በረዶ በሚቀልጥበት ወር፣
የታና ወንዝ ከፊዮርዱ በሚቀላቀልበት ዳር፣
የአባቴ ጀልባ፣ ሸርጣን እንደጫነች፣ ሞተሯ እየጮኸ ቆመች።
ነፋስ የለም፤ ድንጋይ የለም፤ መረብም አልነካች።
"ሞተሩ ጤነኛ ነው" አለ የእናቴ ወንድም ቶርሌፍ፣ እጁ ጥቁር ዘይት፤
"ዋሽተሃል" አለው አባቴ። ገበያው አለፈ በዚያ ሌሊት።
ከዚያ ወዲህ በአንድ መንገድ ላይ፣ በር ለበር፣
አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ በረዶም ሲዝቁ እስከ ድንበር።
እኔ ሁለት ዓመቴ ነበር።

ዛሬ ማታ፣ ራት ላይ፣ ረጅም ብርጭቆ አመጣሁ፤
ጨውና የቤሪ ጭማቂ በጥብጬ፣ ንጹሑን በማንኪያ ጀርባ አፈሰስሁ።
ስለ ገንዳው ነገርሁት። ስለ ክሩ። ስለ ማዕበሉ።
አባቴ መስመሩን አየ፣ ሁለቱ ውኃዎች ሳይቀላቀሉ።
"ሞተሩ ጤነኛ ነበር፣ ጉንቮር?"
"ጤነኛ ነበር።"
ዓሣው ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ።
ቦቲውን አጠለቀ፤ ኮቱን ረሳ፤ ወጣ።

"ስንት ቀረሽ?" አለች እናቴ። "አሥራ አንድ ደቂቃ።"
መስኮቱ ላይ ቆመች፣ ትንፋሿን አምቃ።
ሰማዩ በኤፕሪል አይጨልምም፤ አረንጓዴው ጎረቤቴ የለም፤
ልሰናበተው ብል እንኳ፣ እስከ መስከረም አይመጣም።
በርገን ብዬ ጻፍሁ፣ ከላይ። ትሮምሶ፣ ከሥር።
ከሥር ያለው ግን፣ አሁን አውቃለሁ፣ ዝም ብሎ አይተኛም፤ ይጎትታል በስውር።

ማዶ፣ የቶርሌፍ በረንዳ ላይ መብራት በራ።
ሁለቱም ቆመዋል፤ አንዳቸውም አልጀመሩም ሊያወሩ... ስምንት ደቂቃ።
ጣቴ "ላክ" የሚለው ላይ ነው።
አባቴ ኮት የለውም።
አጎቴ በሩን አልዘጋም።