የፍለጋ ሒሳብ

የጠበቃዬ ስም ገዛኸኝ ተባለ፤
ቤት ልገዛ ብሄድ፣ ስሙ ሥራ ላይ ዋለ።

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ባጃጅ ከነሰዉ የሚውጠውን ጭቃ
ለተሻገረ ሰው ትታያለች በቃ፦
መቶ አምስት ካሬ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣
ያላለቀ አጥር፣ ሦስት ድርድር ብሎኬት፣
ቆጣሪው ተሰቅሎ ያልገባላት መብራት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጫፍ ዘምዝሜ፣
ሁለት እቁብ ጥዬ፣ ያልታዘዘ ጾሜ፣
ካርታዋን ላዞር ነው፣ ላጽፋት በስሜ፣
ይህ ወረቀት መጣ፦

የእዳና እገዳ ማጣሪያ፣ ስምንት ሺህ።
የፋይል ፍለጋ፣ ስድስት ሺህ።
የፍለጋ ክትትል፣ አራት ሺህ አምስት መቶ።
ልዩ ልዩ፣ ሁለት ሺህ።
ከታች ማኅተም፣
ከማኅተሙ በታች ፊርማ፣
ከፊርማው በታች ምንም።

«ልዩ ልዩው ምንድነው?» ብዬ ጠየቅኩት።
«ይለያያል» አለኝ።
«ክትትሉስ?»
«ፍለጋውን መከተል።»
«ፍለጋውስ?»
መነጽሩን ወለወለ።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ አቶ ገዛኸኝ፤
ሒሳብ አይገባትም ብለህ አትለፈኝ።
የክር ስጠይቅ፣ ክሩ ልብሱ ላይ ነው፤
የቁልፍ ስቀበል፣ ቁልፉን ተክዬ ነው፤
ሳብ ሳብ አድርጎት ነው ደንበኛ ’ሚወስደው።
ያንተ ፍለጋ ግን ስፌቱ የት ጋ ነው?
ገልብጠህ አሳየኝ፣ ገበሩን ልየው።»

«እመቤቴ» አለኝ፣ «ሕግ በሜትር አይለካም።»

ማክሰኞ ማሽኔን በሻሽ ሸፈንኩና
ሄድኩ መሬት ቢሮ፣ ገና ሳይነጋ፤
ስድሳ አንደኛ ነኝ።
ከፊቴ ሽማግሌ፣ ፔስታል ሙሉ ካርታ፣
ከኋላ ነፍሰ ጡር፣ ግድግዳ ተጠግታ።
አንዱ «ሲስተም የለም» ብሎን ገባ፤
ሌላው «መጥቷል» ብሎ ወጣ፤
እኛም እንደ ሲስተሙ ስንሄድ ስንመጣ፣
ስምንት ሰዓት ሆነ።

መስኮት ሦስት ላይ ቦንቱ የምትባል ልጅ
ደረሰኝ ቆረጠችልኝ።
ለምሳ ከያዝኩት ብር ተርፎኝ ሻይ ይገዛል።
ፋይሉን ስታወርድ አቧራው አስነጠሳት።
«ይማርሽ» አልኳት፣
«ከእኔ በፊት ማን አይቶታል?»

ጀርባው ላይ የተለጠፈች ቅጽ አለች፤
የወሳጅ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ።
በጣቷ ወረደች። የገዛኸኝን ስም ጠበቅኩ፤
እሷ ጣቷን አቆመች።
«ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ሰው ብቻ።
ውብዓለም ትባላለች።»

የአባቷ ስም የሻጩ አባት ስም ነው።

ውስጡ አንዲት ገጽ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
ፊደሉ እንደ ጉንዳን ከመስመሩ ወጥቶ፦
«አባታችን የሠራው ቤት ነው፤
ሳልሰማ አይሸጥ።»

«እዳ ከሜዳ» ይሉት ይህ ነው ለካ፣
ሜዳው መቶ አምስት ካሬ ሲለካ።

ተመልሼ ነገርኩት። አልደነገጠም።
«እሱ የውርስ ነው» አለኝ፣ «የእኛ የእዳ ነበር።
የውርስ ፍለጋ ለብቻው ይታሰባል።»

ወረቀቱን ገለበጥኩ፤
እሱ ባላሳየኝ ገበር ላይ ጻፍኩለት፦
ፍለጋ፣ ዓይኔ።
ክትትል፣ እግሬ።
ልዩ ልዩ፣ ማሽኔ ያልዞረበት አንድ ማክሰኞ።
ድምሩን ተውኩት። ይለያያል።

ቅዳሜ ገላን ድረስ ሄጄ ውብዓለምን ጠየቅኩ፤
ልጆች እየመሩኝ በር አንኳኳሁ።
ሹራብ ለብሳ ወጣች፣ አየችኝ፣ ቆየች፤
የመጣሁበትን ስነግራት
አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።
«ሁለት ዓመት ጠበቅኩ» አለች፣
«የሚፈልግ ሰው።»

በርጩማ አወጣችልኝ።
ስለ ቤቱ ገና አላወራንም፤
የሹራቧ ቁልፍ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል።
መርፌዬን አወጣሁ።