የሃያ አምስት ዓመት ዋስ

ቀብድ ልከፍል ስል ነው ወሬህ የደረሰኝ፤
ጃስፓል ኮፍያውን አውልቆ፣ ከጠረጴዛዬ ተቀምጦ፣ በዝግታ የነገረኝ።
«ፋብሪካው የፀሐይ ሰሌዳ መሥራት አቁሟል» አለኝ፣
«መጋዘን ያለው ይሸጥና ያበቃል» አለኝ።

ሁለት ወረቀት ዘርግቷል፤ አንደኛው ያንተ ነው፣
ዋጋው በሩብ ወርዷል፣ ጥራቱ ግን ያው ነው፤
ሁለተኛው አዲስ ነው፣ ከወዴት እንደመጣ አላውቀው፣
ስሙን ሦስቴ ብዬ ምላሴ አልለመደው።
በሁለቱም ግርጌ አንድ ቃል ሰፍሯል፦
የሃያ አምስት ዓመት ዋስትና ይላል።

ሃያ አምስት ዓመት።
ሰባ አንዴ ላይ ስደምረው፣ ዘጠና ስድስት።
እኔ ቀድሜህ የምሄድ መስሎኝ ነበር፣ በእውነት።

ሙንታ ጥሎ ሂያጅን ከጥንት ያውቃል፤
የባሌ አያት የመዳብ ጉድጓዱ ሲዘጋ አይቷል።
መዳቡ ዋጋ አጣ፣ ባለቤቱ ወጣ፣
ፓምፑ ዝም ሲል ከስር ውሃው መጣ።
ቤቱ ግን ቀረ፤ አያትየው በጭቃና በድንጋይ የሠራው፣
ዛሬም ቆርቆሮ ጣሪያው ወደ ሰሜን የሚያየው።
(በእኛ በኩል ፀሐይ በሰሜን ናት የምታልፈው።)

ጃስፓልን ጠየቅሁት፦ «ቢበላሽ ማን ይመጣል?»
«የጥገና ክፍሉ አልተዘጋም፤ ይቆያል ይላል።»
«ይላል ወይስ ይቆያል?»
ሳቅ አለ፤ እስክሪብቶውን ከደነ፤ «ይላል።»

ጎረቤቴ ፔንጌሊ አጥሩን ተደግፎ መከረኝ፦
«የሞተ ፈረስ ኮርቻ አይገዛም» አለኝ፤
የራሱ ጣሪያ ላይ ያሉት የማን እንደሆኑ ረስቷል መሰለኝ።
ልጄ ከፐርዝ ደውላ «ትልቁን ኩባንያ፣ ትልቁን» ትላለች፤
ትልቅ እኮ ነበርክ አንተም። ይህን ስላት ዝም አለች።

አልቀየምህም። ነጋዴ ነህ፤ ካላዋጣህ ሱቅህን ትዘጋለህ፣
ርካሽ በሚሻ ገበያ ጥሩ ሠርተህ የት ትደርሳለህ።
ግን ዋሱ ከጠፋ፣ ፊርማው ብቻ ከቀረ፣
ወረቀት ለብቻው ምድጃ ውስጥ አንድ ሌሊት መች አደረ?

እሑድ ሌሊት አልተኛሁም፤ የቀኑ ሙቀት፣ አርባ አራት ዲግሪ፣ ከቤቴ አልሄደም፤
ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ቆጣሪው መሮጥ አልደከመም።
ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ በፖስታ ጀርባ ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣
አንዴ ካንተ ጋር ቀረሁ፣ አንዴ ከማላውቀው ጋር ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። «የሄደውን አምጣልኝ» አልኩት፤
«አሥራ አራት ለጣሪያ፤ ሁለት ደግሞ ለጋራዡ» ጨመርኩበት።
ጃስፓል ቆየ። «ለጋራዡ፣ ወይዘሮ ትሬሎር?»
                                «በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣
በረዶ ቢሰብርብኝ አቻውን ከየት አገኛለሁ ብዬ።»

ሐሙስ መጡ። ሮዝ በቀቀኖች ከጣሪያው ተነሡ እየጮሁ፤
ከሰዓት በኋላ፣ ትንሿ ስክሪን ላይ፣ ቁጥሩ ሲያድግ ቆሜ አየሁ።
ስምህ ከያንዳንዱ ሰሌዳ ጥግ በብርማ ቀለም ተጽፏል፤
ወፎቹ ካላነበቡት በቀር ማን ያየዋል?

ልጁ መሰላሉን ሲያጥፍ «ቆይ» አልኩት፣ ማርከር ሰጥቼ፣
የቆጣሪውን ሳጥን ክዳን ወለል አድርጌ ከፍቼ።
ከውስጡ የባሌ የዴንዚል ጽሑፍ አለ፣ በእርሳስ፣ ደብዝዞ፣
«ፊውዝ ቀይሬአለሁ፣ መጋቢት ሦስት» የሚል፣ የስንት ዓመት አቧራ ይዞ።
«ሃያ አምስት ዓመት እመጣለሁ ብዬ አልምልም» አለ ልጁ።
«ስልክህን ጻፍ።» ጎንበስ ብሎ ጻፈ፣ እየተጠነቀቀ እጁ፤
ከዴንዚል እርሳስ ስር፣ አሥር ቁጥር፣ በጥቁር።

ሳጥኑን ዘጋሁት።
ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ጥቂት ቀርቷት ነበር።