የመበለት ቅጠል

ጠረጴዛው ላይ ናቸው የጡረታ ጓዞቼ፣
ሠላሣ አንድ ዓመት ጥርስ የቀረጽሁባቸው ቀጫጭን ቢላዎቼ።
ሰም መላጊያ ማንኪያ፣ ጫፉ የዶለዶመ፣
ዛሬ ለወረቀት እጥፋት ተሾመ።

የገበያው መብሻ ቀጭ ሲል የሚያወጣው
አምስት ቅጠል ብቻ፣ ሁሉም አንድ መልክ ነው።
የኔዋ አበባ ግን በመብሻ አትወጣም፣
በልክ በቁጥር ብለው ቢጠሯት አትመጣም።
እዚህ ኬሚየርቪ፣ ከመንገዱ ዳር፣
ከተራረፈ በረዶ፣ ከጠጠሩ ጋር፣
ቅጠሏን ሳትጠብቅ አንገቷን የምታወጣ፣
ከማንም ቀድማ የምትመጣ፣
ቢጫ ናት፤ ጨረሯ ብዙ፣ እንደ ተበጠረ ፀጉር፤
«የመበለት ቅጠል» ይሏታል በእኛ አገር።
ማን እንዳወጣላት አላውቅም ስሟን፤
ዘንድሮ ግን ገባኝ ለምን እንደሆን።

ቢጫውን ወረቀት በጣት ስፋት ቆረጥሁ፣
ዳሩን እንደ ዘርፍ በመቀስ ተለተልሁ፣
እስከ ሥሩ ሳልደርስ፣ እንዳይበጠስብኝ፣
መቀሱ ሲያጋድል ትንፋሽ እያጠረኝ።
በመርፌ ጠቀለልሁት፣ ሥሩን በሙጫ አሰርሁት፣
ዘርፉን ወደ ውጭ በጥፍሬ ዘረጋሁት፤
ከመዳፌ ላይ ሆና አንዲት አበባ አየችኝ።
አልዋሽም፣ ደነገጥሁ።
እውነተኛ የሚመስል ጥርስ ስሠራ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

ካርዱ ግን፣ ከቀዩ ካርቶን ያጠፍሁት፣ ዘመመ፣
ልክ እንደ ፖስታ ሣጥኔ አንገቱ ተጣመመ።
ልጥለው አነሣሁ። ከዚያ ሳቅሁ ብቻዬን፣
በመስኮት እያየሁ ያን ጎባጣ ሣጥኔን።

ጥር ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
በረዶ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ በፍጥነት
ሣጥኔን ገጨና ከግንዱ አጋደመው፤
እኔም በማግሥቱ፣ ኧረ በሣልስቱ ነው፣
ለማዘጋጃ ቤት ጻፍሁ ሁለት ሙሉ ገጽ፤
«ሹፌሩ ግድ የለሽ፤ ይጠራ፣ ይገሠጽ።»
ሐዘን ፈሪ ነው፣ ሞትን መክሰስ አይችልም፤
አንድ ሹፌር ካገኘ ግን ወደ ኋላ አይልም።

መጋቢት ሲያልቅ ነው፣ በሱቁ ወረፋ ላይ፣
የአምቡላንሷ ነርስ ያጫወተችኝ ጉዳይ።
«ያን ሌሊት በረዶው ከጉልበት በላይ ነበር፤
ኦይቫ ነው ከፊታችን መንገዱን ሲሰብር።
ፈረቃው አልቆ፣ ከአልጋው ተጠርቶ የመጣ፤
እሱ ባይቀድመን ያን ዳገት ማን ሊወጣ?»

ደርሰው ነበር፣ አዎ። አርቮ ግን አላደረም።
ቢሆንም መርፌዋ ደረሰችለትና አልጮኸም።
ይህን አውቅ ነበር።
መርፌዋ በምን መንገድ እንደመጣች ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ጎባጣው ካርድ አልተጣለም።
ቆርጬ ሣጥን አደረግሁት፣ ዘመም ያለ፣ ቀይ፣
ለጠፍሁት ከአዲሱ ካርድ ግራ ገጽ ላይ።
በቀኙ በረዶ አለ፣ በጣቴ የቀደድሁት፤
በመቀስ የተቆረጠ በረዶ የት አየሁት?
ከእጥፋቱ መሃል ሁለት ስንጥቅ አወጣሁ፣
መሃሉን ገፋ አድርጌ እንደ ደረጃ አቆምሁ፣
አበባዋ እዚያ ላይ ናት፤ ካርዱ ሲዘጋ ትተኛለች፣
ሲከፈት ብድግ ትላለች።
ዘጋሁት፣ ከፈትሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ምን ልጻፍ? «እንኳን ለጸደይ አደረሰህ» ብዬ ጀመርሁ፣
ወደ ውጭ አየሁና ብዕሬን መለስሁ።
ሚያዝያ ነው፤ ይጥላል አሁንም።
ክስ ሲሆን ሁለት ገጽ የሞላሁት ሴት
ለምስጋና ሁለት መስመር አጣሁለት።
ሻዩ ቀዘቀዘ። ሙጫው ደረቀ።
በመጨረሻ እጄ ይህን አፈለቀ፦

«ኦይቫ፤ ሣጥኑን አላቃናሁትም፤ አንተም እንዳታቃናው።
መንገዱ በዚያ ነው የመጣው።
ሂልያ።»

ስሙን በትልቁ ጽፌ፣ ክዳኑን ከፈት አድርጌ፣
ከዘመመው ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት ደግፌ።

ሌሊት፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣
ቢጫ መብራት መጥቶ ጣሪያዬን ዳሰሰ፤
ሣጥኑ ጋ ሲደርስ
ፍጥነቱን ቀነሰ።