የአብዶሽ ገመድ

በከብት ፉርጎ ነው የመጣው፣ ከጅቡቲ ወደብ፤
ሁለት ሌሊት ሙሉ ቆሞ፣ በጭድና በላብ።
ለገሃር ደርሶ በሩን ተራ ሠራተኛ ሲከፍተው፣
አያቴ አብዶሽ ነበር ልጓሙን የተቀበለው።

«እናቱም አባቱም በወረቀት ሰፍረዋል፣ እስከ ሰባት ቤት»
አለ ሙሴ ስታማቲ፣ ደረቱን ነፍቶ በኩራት።
አያቴ ሳቀ፦ «ሰባት ቤትማ እኔስ መች አጣሁት?»

ስሙን ግን ከተማው ሰጠው። የፈረንጅ ስሙ ረዥም፣
ምላስ የሚያስር ነበረና ማንም አልያዘውም።
እንደ ሐዲድ መኪናዋ ሳያለከልክ ስለሚበር፣
ሊቶሪና አሉት። በቃ፣ ይኸው ነበር።

መልኩ መጋላ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦራ፤
መጋላ ሰፈር ሲያልፍ «ስማችንን ለብሶ!» እያለ የሚኮራ
ስንት ባለሱቅ ነበር።

እሑድ አመሻሹን፣ ከከተማ ውጭ፣ አሸዋው ሜዳ ላይ፣
ሰው ግንባሩን በእጁ ከልሎ ሲያይ፣
የፊት ግራ እግሩን አንስቶ መሬቱን ሦስቴ ይጭራል።
ከዚያ... ከዚያማ ማን ያየዋል?
አቧራ ነበር የሚሮጠው ይላሉ ያዩት ሽማግሌዎች፤
አቧራው ሲገለጥ እሱ ቆሟል፣ ገና ይመጣሉ ሌሎች።
ዋበሪ ጋላቢው፣ ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ልጅ፣
አንገቱ ላይ ተጣብቆ፣ እንደ መዥገር እንጂ
እንደ ሰው አይታይም።
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሮጠ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ቀደመ፤
በሃያኛው፣ ጅማቱ ነው መሰል፣ መሐል ሜዳ ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ዘር መስጠት ብቻ ሆነ፤
ሙሴው ባለ ቀይ ሌጦ መዝገብ ከፍቶ ወሰነ፦
ከሐረር ሹም ቢመጣ፣ ከጅቡቲም ባለጸጋ፣
ባዝራውን ለማስጠቃት፣ አንድ ግመል ከነጭነቱ ነው ዋጋ።
ሰባት ውርንጭላ በቀለም ሰፈሩ፣ በእናት፣ በአባት፣ በዕለት፤
አንዱ ባሕር ተሻገረ፤ አንዷን ቁርጠት ገደላት፤
የሌሎቹ ወሬ ጠፋ። ሙሴውም ሱቁን ዘግቶ
ሄደ አንድ ጠዋት፣ መዝገቡን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ።

ይህ ነው የታወቀው። ያልታወቀውን
አያቴ ነው ያወረሰኝ፤ ይኸው፣ ገመዱን።

ሌሊት፣ ደቻቱ ደርቆ አሸዋው በጨረቃ ሲያበራ፣
ጋሪ ነጂው ይመጣል፣ አጥንቷ የወጣ ባዝራ
እየጎተተ፤ ትከሻዋ በቀንበር የተላጠ፣
ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስታመላልስ ወገቧ የጎበጠ።
በጓሮ በር፣ በቀስታ። «አብዶሽ፣ እባክህ» ይላሉ።
ዋጋው አንድ እስር ሣር ነው፤ የሌላቸው ይምላሉ፦
«ወላሂ፣ ለዒድ እከፍልሃለሁ!»
አያቴ አይጽፍ፣ አያነብ፤
ለእያንዳንዷ ባዝራ አንድ ቋጠሮ፣ በዚህ አሮጌ የገመድ ዛብ።

ስልሳ አንድ ቋጠሮ፤ ቆጥሬ ደግሜ ቆጠርኩት፤
አንዱ ላልቷል። «ይህስ?» አልኩት።
«እሷ አልያዘላትም» አለና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤
ከስንት ዓመት በኋላ የዚያች ባዝራ ነገር ገና እያሳዘነው።
«ሰርቀሃል እኮ» አልኩት። «ምኑን?» አለ፤
«ፈረሱ እንደሆን አልጎደለ።»

ባለፈው ሐምሌ፣ ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣
ባጃጅ አጣሁና ጋሪ ያዝሁ፣ ሳቢያን ለመሄድ።
ጎድኑ የሚቆጠር ፈረስ፤ ጆሮው በዝንብ ቆስሏል፤
ግን ግንባሩ ላይ፣ ከአቧራው ሥር፣ ነጭ ነገር ይታያል።
«ስሙ ማን ነው?»
ዞሮ አየኝ። «የምን ስም? ፈረስ ነው።»
«አባቱስ?» አልኩ። ሳቀ፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል፤
«የእኔን ማንም አልጠየቀ፤ የፈረስ አባት ይጠየቃል?»

አሮጌው ሐዲድ ጋ ባጃጆች ተጠላልፈው ቆምን።
ጡሩንባው፣ ስድቡ፣ ጆሯችን እስኪደነቁር ሰማን።
ፈረሱ አንገቱን አቀና፤ የፊት ግራ እግሩን አንስቶ
አስፋልቱን ጫረ። አንዴ። ሁለቴ። ነጂው አለንጋውን ዘርግቶ
«ሂድ!» አለው።
ሦስተኛውን አላየሁም።
ቦርሳዬ ውስጥ ገመዱን ያዝሁ፤ ምንም አልተናገርሁም።

ሠላሳ ብር ሲለኝ ሃምሳ ሰጠሁት። ኪሱን ፈተሸ፤ ዝርዝር ጎደለ።
«መልስ የለኝም» አለ።