አሬራ አይሸጥም

ሠላሳ አንድ ዓመት ከወንጂ ሚዛን ቤት
ጆንያ ስመዝን በቀንና ሌሊት፣
ከወለል የፈሰሰ ስኳር አፈስ አድርጌ
ሻዬን ሳጣፍጥበት ቆጥሬው ማዕረጌ፣
አንድ ቀን ውል አላለኝም ይህ ነገር በልቤ፦
ሚዛኑ ላይ ያለሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ከነስቤ።

በቀደም አዳማ፣ ክሊኒክ ተኝቼ፣
ሸሚዜን እስካንገት ወደ ላይ ገፍቼ፣
ዶክተር ረምላ ጎኔን በመሣሪያዋ እየዳሰሰች
መስኮቱ ላይ ነጭ ደመና አየችና
"ጋሽ ሄራሞ፣ ጉበትዎ ጮማ ለብሷል" አለች።

ጮማ?
እኛ ዘንድ ጮማ የመስቀል እንግዳ ነው፤
በዓመት አንዴ መጥቶ፣ በልተን የምንሸኘው።
እንዴት ሆዴ ገብቶ ጎጆ ይቀልሳል?
ኪራይ ሳይከፍለኝስ ስንት ዓመት ያድራል?

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"አረቄ?"
"ባጠገቤም አላለፈ።"
"ለስላሳ?"
ዝም።
"በቀን ስንት?"
"የአዳማን ሙቀት ታውቂዋለሽ ልጄ፣
ሦስት ነው... አራት ነው... እንደ ፀሐዩ።"
"ሻይ ላይስ ስኳር?"
እዚህ ላይ ፋብሪካው ራሱ ቢመልስላት።

የክልከላ ወረቀት ጻፈችልኝ፣ ረጅም እንደ ክስ፤
ልወጣ በሩን ይዤ ዞር አልኩ፦ "እርጎስ?"

"የቱ እርጎ?"
እርጎም የቱ ይባላል?
ለካ ይባላል።

"ጭማቂ ቤት መስታወት ውስጥ ቆሞ የሚስቀው፣
እንጆሪ ሳይነካው እንጆሪ የሚባለው፣
ማር በላዩ ወርዶ ገላውን ያጠበው፣
እሱ፣ ጋሽ ሄራሞ፣ የእርጎ ቀሚስ የለበሰ ለስላሳ ነው።
ሁለተኛው ቅባቱ አናቱ ላይ
እንደ ብርድ ልብስ የተኛበት፤
ልብሱን ገፈው ጥቂት ቢቀምሱ አልቆጣም።
ሦስተኛው ቅቤው የወጣለት፣ ስኳር ያላየ፤
እሱን አንድ ብርጭቆ፣ አይጎዳዎትም።
ግን መድኃኒት ነው አላልኩም።
መድኃኒትዎ እግርዎ ላይ ነው፤ ባጃጁን ይተዉት።
በሦስት ወር ይምጡ፣ ያኔ እናያለን።"

ወረቀቱን ያየ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ።
ጸጉር አስተካካዬ ላምቤቦ "እርጎ ስብ ያሟሟል" አለ፤
ጎረቤቴ ዘውድነሽ "ስብና ስብ ዘመድ ነው፣ ይጠራራል" አለች፤
ልጄ ስልኩን እያየ "ሁለቱም ልክ ናቸው" አለኝ።
ሁለቱም ልክ ከሆኑ ጉበቴ ማንን ይስማ?

አደ ሶሬቲ ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ፣
ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ባልዲዋን በጨርቅ ሸፍና
ዝንብ ታባርራለች።
"ቅቤው የወጣለት አለሽ ወይ?" ብላት፣
ጭልፋዋ አየር ላይ ቆመ ድንገት።
"አሬራ? እሱ አይሸጥም፤ የጥጃ ድርሻ ነው፣
የጎረቤት ልጅ ነው ጠይቆ የሚጠጣው።
ገንዘብ ብቀበልበት አገር ምን ይለኛል?"

ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ።
ወንጂ ካምፕ፣ ቆርቆሮ ቤት፣
እናቴ ቅቤውን ለፎርማኑ ሚስት ሸጣ
ለስድስታችን የተረፈውን ነጭ ውሃ ታድለን ነበር።
"አሬራ ጠጪ!" ይሉኝ ነበር ክፍል ውስጥ፤
የወንጂ ውሃ ያቀለመውን ጥርሴን ከንፈሬ ሥር ደብቄ
ማልኩ፤ ሰው የሆንኩ ለታ ቅቤውን እንጂ
ትራፊውን ላልቀምስ።

ሰው ሆንኩ።
ቅቤውን በላሁ።
ጉበቴ ምስክሬ ነው።

እና ዛሬ፣ በስድሳ አንድ ዓመቴ፣
የሸሸሁትን ልለምን፣ ጣሳ ይዤ ከቤቴ።

ሞላችልኝ። ብሩን መልሳ እጄ ላይ አስጨበጠችኝ።
"ጥጃው ቢቀየም አንተ ታረቀው" አለችኝ።
ጨው ልትጥልበት ስትል እጇን ያዝኩ፤
ወረቀቱ ላይ ጨውም አለ።

ልማድ ነውና ጣሳውን በመዳፌ መዘንኩት፤
ግማሽ ኪሎ፣ ከነቆርቆሮው።
ስንት ዓመት እንደሚጨምር ግን
መዳፌ አልነገረኝም።
ቆሜ ጠጣሁት። ጎመዘዘ።

ከዚያ ወደ ፍራንኮ፣ አቧራው ውስጥ፣
ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ
"ጋሼ፣ ግባ!" ይለኛል።
"በእግሬ ነኝ" እላለሁ፣
ከንፈሬ ላይ ነጩ እንዳለ፣ ሳልጠርገው፣
የተማሪ ልጆች እያዩኝ።